ለቱርቦ መኪና የአየርና ነዳጅ ጌጅ፦ የትኛውን ልግዛ? የትስ ልሰር?

የ2007 ሱባሩ ደብሊውአርኤክሴን ከቀድሞ ባለቤቷ ስገዛ ዳሽቦርዷ ላይ አንድ ክብ ጌጅ ተለጥፎባት ነበር። ማታ ሲነዷት ትናንሽ መብራቶቹ ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ እየዘለሉ እንደ ሠርግ ቤት ይጨፍራሉ። ነዳጅ ስረግጥና ቱርቦው ሲነሳ ደግሞ ሁሉም አረንጓዴው ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ትርጉሙ «ነዳጅ በዝቷል» ነው። ለቱርቦ ሞተር ነዳጅ በዛ ማለት ደህና ነው ማለት ስለመሰለኝ ለስምንት ወር ምንም ሳይከነክነኝ ነዳኋት።

አንድ ቅዳሜ እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ጓደኛዬ የራሱን ዋይድባንድ ጌጅ፣ ማለትም ለአንድ እጅ ነዳጅ ስንት እጅ አየር እንደገባ በቁጥር የሚያሳየውን ዓይነት፣ ይዞ መጣ። ከቱርቦው ወደ ታች በሚወርደው ቱቦ ላይ በብሎን የተደፈነ ትርፍ ቀዳዳ ስለነበር ሴንሰሩን እዚያ አሰርነው። ጌጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ወጣን። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። 11.4 አለ፣ 11.9 አለ፣ ከ5,000 ዙር በላይ 13.2 ደረሰ።

«ልቀቅ! ልቀቅ አንተ!»

ለቀቅኩ። ለካ የነዳጅ ፓምፑ አርጅቶ ኖሯል፤ ዙሩ ከፍ ሲል ሞተሩ የሚጠይቀውን ያህል መግፋት አቅቶታል። ፓምፑን ከቀየርን በኋላ ቁጥሩ 11.3 አካባቢ ተረጋጋ።

የሚገርመው አሮጌው ጌጅ አልዋሸም ነበር። 13.2ም በእሱ ቋንቋ «ነዳጅ በዝቷል» ነው። ችግሩ ከዚያ ሌላ የሚያውቀው ቃል የለውም።

ናሮውባንድ፦ አዎ ወይም አይደለም ብቻ

ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልገዋል። ከዚያ ካነሰ ነዳጁ በዝቷል፣ ከዚያ ከበለጠ አየሩ በዝቷል። ናሮውባንድ የሚባለው ዓይነት ኦክስጅን ሴንሰር ከዚህ ቁጥር ወዲህ ነን ወይስ ወዲያ የሚለውን ብቻ ይለያል። የሚያወጣው ቮልቴጅ ከ0 እስከ 1 ነው፤ 14.7 አካባቢ ሲደርስ 0.45 ቮልት ላይ እንደ ገደል ይወርዳል። ከገደሉ ወዲያ ወይም ወዲህ ግን ሜዳ ነው። ቁጥሩ 13.2 ሆነ 11.3፣ ሴንሰሩ የሚናገረው 0.8 ወይም 0.9 ገደማ ነው፤ ያችም ትንሽ ልዩነት ከነዳጁ ይልቅ ሴንሰሩ ምን ያህል እንደጋለ የምትናገርበት ጊዜ ይበዛል። ፋብሪካው ይህን ሴንሰር የሠራው ረጋ ብላችሁ ስትነዱ ካታሊቲኩ (ጭሱን የሚያጣራው የማርሚታው ክፍል) በትክክል እንዲሠራ 14.7ን ለመጠበቅ ነው፤ ለዚያ ሥራው እንከን የለውም።

ቱርቦ ሲነሳ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ይበዛል፣ ግፊቱና ሙቀቱ ይጨምራል፤ ትርፍ ነዳጅ የሚጨመረው እየተነነ ሙቀቱን እንዲቀንስና ሞተሩ እንዳያንኳኳ፣ ማለትም ነዳጁ ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተኑን እንዳይመታ ነው። ብዙ የቤንዚን ቱርቦ ሞተሮች በሙሉ ጭነት ከ11 እስከ 12 ባለው መካከል ይነዳሉ። ወደ 13 ሲጠጋ ሞተሩ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል፤ ከዚያ የፒስተኑ የቀለበት ማቀፊያ ይሰበራል፣ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይሄዳል። የኔ ዓይነት የሱባሩ ሞተር በተለይ በፒስተኑ በኩል ስሙ የተነሳ ነው።

ስለዚህ ናሮውባንድ ጌጅ ከምርጫው ይውጣ። ኢንተርኔት ላይ በ30 እና በ40 ዶላር የምታዩአቸው፣ ሴንሰር አብሯቸው የማይመጣ፣ «ከመኪናው ኦክስጅን ሴንሰር ጋር አገናኙት» የሚሉት እነዚህ ናቸው። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም አትግዙ የምለው። በሐሰት ያረጋጋል። ጌጅ የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠረጥራል።

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋ ያላትን ጠይቁ

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ የቻይና መኪና አለችው። «አንተ ያሰርከውን ጌጅ ላክልኝ፤ ከአንዱ የሚመጣ ሰው ጋር» አለኝ። መኪናዋ ላይ የቀየርከው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ምንም። ማርሚታውም የፋብሪካ፣ ኮምፒውተሩም የፋብሪካ ነው። እንግዲያው ጌጅ አያስፈልግህም አልኩት፤ ትንሽ ቅር አለው።

አሁን አሁን ከፋብሪካ የሚወጡ ብዙ ቱርቦ መኪኖች ከካታሊቲኩ በፊት የሚያስሩት ሴንሰር ራሱ ዋይድባንድ ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያውቃል፤ እናንተ ብቻ ናችሁ የማታዩት። በመሪው ሥር ባለው የኦቢዲ ቱ ሶኬት ላይ ከ15 እስከ 30 ዶላር የምትሸጠዋን የብሉቱዝ ማንበቢያ ሰክታችሁ በስልክ ብትከፍቱ ቁጥሩ ይመጣል። ከዚያም በላይ ኮምፒውተሩ «ይህን ያህል ይሁን» ብሎ ያዘዘውን ከተገኘው ጋር ጎን ለጎን ማየት ትችላላችሁ። ለብቻው የታሰረ ጌጅ ይህን አያሳያችሁም። የታዘዘው 11.5 ሆኖ የተገኘው 12.6 ከሆነ ጥያቄው ሴንሰሩ ላይ ሳይሆን ነዳጁ መንገድ ላይ ነው፦ ፓምፕ፣ ፊልትሮ፣ ኢንጀክተር።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ርካሿ ማንበቢያ ዘገምተኛ ናት። አምስት ስድስት ነገር በአንድ ላይ ብትጠይቋት እያንዳንዱ ቁጥር በሰከንድ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይመጣል፤ በሦስተኛ ማርሽ የሚደረግ ሙሉ ርግጫ ደግሞ አምስት ሰከንድ ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ የፋብሪካ ሴንሰር የሚያነብበት ክልል ሊጠብ ይችላል። የኔዋ ደብሊውአርኤክስ የፊት ሴንሰር 11.1 ገደማ ሲደርስ ይደርቃል፤ ከዚያ ቢወርድም እዚያው ቆሞ ይቀራል። በዚያ ላይ የታሰረው ከቱርቦው በፊት ነው፤ ይህ ምን እንደሚያመጣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምንም ላልተነካ መኪና ይህ ይበቃል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያላችሁን ሞተር መከታተል ተገቢ ነው፤ ግን መከታተያው የግድ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ ክብ ነገር መሆን የለበትም። ግፊቱን ከጨመራችሁ፣ ኮምፒውተሩን ካስቀየራችሁ፣ ኢንጀክተር ወይም ቱርቦ ከለወጣችሁ ግን ታሪኩ ይቀየራል፤ ያኔ የራሱ ሴንሰር ያለው ዋይድባንድ ያስፈልጋል።

መኪናችሁ ናፍጣ ከሆነች ደግሞ እዚህ ላይ አቁሙና ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት። አገር ቤት ቱርቦ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስ፣ ዶልፊን ነው። የናፍጣ ሞተር ሁልጊዜ በትርፍ አየር ነው የሚሠራው፤ ስራ ፈትቶ ሲቆም ጌጁ ከሚያሳየው ክልል ውጭ ይሆናል። ለናፍጣ የሚጠቅመው የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ ነው። ሽቅብ በጭነት ስትወጡ ሙቀቱ ሲያሻቅብ ታዩና እግራችሁን ታነሳላችሁ።

ዋናው ሴንሰሩ ነው

ዋይድባንድ ለመግዛት የወጣ ሰው የመጀመሪያ ስሕተቱ ፊቱን ማየት ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ መርፌ አለው የለውም። ከጀርባው ያለው ሴንሰር ግን ከጥቂት ፋብሪካዎች የሚመጣ ነው፤ አብዛኛው የቦሽ ነው። በገበያው ላይ ሁለት ትውልድ ታገኛላችሁ፦ ኤልኤስዩ 4.2 እና ኤልኤስዩ 4.9። አሮጌው 4.2 የውጭን አየር እንደ ማነጻጸሪያ ይጠቀማል፤ ሴንሰሩ አካባቢ ያለው አየር በዘይት ጭስ ወይም በሌላ ከተበከለ ንባቡ ይዛባል። 4.9 ግን ማነጻጸሪያውን ራሱ በኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ዕድሜው ሲገፋም በንባቡ ይጸናል። ዛሬ አዲስ የሚገዛ ሰው 4.2 የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም፤ መጋዘን ውስጥ የቆየ ዕቃ በቅናሽ ካልሆነ።

የ4.9 የቦሽ ቁጥር 17025 ነው። ለብቻው ስትገዙት ከ60 እስከ 90 ዶላር አካባቢ ነው። በ25 ዶላር ካያችሁት አስመስለው የሠሩት ነውና እለፉት። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ከፈረሰ መኪና የተፈታ ሴንሰር አትግዙ፤ ምን ዓይነት ነዳጅ፣ ምን ያህል ዘይት እንደጠጣ የሚያውቅ የለም። ሶኬቱንም ቆርጣችሁ በሌላ ሶኬት እንዳትቀጥሉ። እያንዳንዱ ሴንሰር ከፋብሪካ ሲወጣ የሚለካበት ትንሽ ሬዚስተር ሶኬቱ ውስጥ ተቀብራለች፤ ሶኬቱ ሲቆረጥ ሴንሰሩ ማንነቱን ያጣል። ሽቦው ካጠረ በጌጁ በኩል ያለውን ማራዘሚያ ግዙ።

ከጌጆቹ ሁለቱ በብዛት ይነሳሉ፤ ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ 200 ዶላር አካባቢ ናቸው፣ ሁለቱም 52 ሚሊሜትር በሆነው የተለመደ ቀዳዳ ይገባሉ።

የኤኢኤም ኤክስ ሲሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያስር ሰው የምመክረው ነው። ከ8.5 እስከ 18 ያነባል፣ ጀርባው ቀጭን ስለሆነ ጠባብ ቦታ ይገባል፣ አየር ላይ ይዞ ማስተካከል የሚባል ጣጣ የለውም። መሐሉ ላይ ቁጥሩ ጎላ ብሎ ይታያል። ከቁጥሩ ጋር የሚመጥን ከ0 እስከ 5 ቮልት ያወጣል፤ ሒሳቡም ቀላል ነው፦ ቮልቱን በ2.375 አባዝታችሁ 7.3125 መደመር። 0.5 ቮልት 8.5 ሆኖ ይመጣል፣ 4.5 ቮልት 18። በካን መስመር (የመኪና ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ሽቦ) ከሌላ ኮምፒውተር ጋር መነጋገርም ይችላል።

የኢኖቬት ኤምቲኤክስ ኤል ደግሞ መነካካት ለሚወድ ሰው ነው። ሁለት የቮልት መውጫ አለው፣ ሁለቱንም ከላፕቶፕ እንደፈለጋችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ከሌሎች የኢኖቬት ዕቃዎች ጋር በሰንሰለት ተያይዞ በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌር ይመዘግባል። ዋጋውን የምትከፍሉት በትዕግሥት ነው፤ ሴንሰሩን አውጥቶ ንጹሕ አየር ላይ ማስተካከል በመመሪያው አለ፣ ያንን የማይሠራ ሰው ትክክለኛ ቁጥር አይጠብቅ። የኔ ጓደኛ ያንን ቅዳሜ ያመጣው ይህን ነው፤ እኔ ለራሴ የገዛሁት የመጀመሪያውን ነው። እሱ ቅዳሜን ለመኪና የሚሰጥ ሰው ነው፣ እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ።

ሦስተኛው መንገድ ፊት የሌለው መቆጣጠሪያ ብቻ መግዛት ነው፤ የኢኖቬት ኤልሲ ቱ ወይም የፎርቲን ፖይንት ሰቨን ስፓርታን ይገኙበታል። ሴንሰሩ አለ፣ ሳጥኑ አለ፣ ማሳያ የለም። የፋብሪካውን ትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላሰረ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ቁጥሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ከዙሩና ከግፊቱ ጋር ይመዘገባል፣ ዳሽቦርዱም አይበሳም። የፋብሪካ ኮምፒውተር ላለው ሰው ግን የሚያይበት ስለሌለው ይቸግራል።

ዳይኖ (መኪናን ቦታው ላይ እያስነዳ ጉልበቱን የሚለካ መሣሪያ) ላይ ለአንድ ቀን የሚወጡም አሉ፤ ወይም እንደኔ የሰው ጌጅ ይዋሳሉ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ያችን ቀን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። የኔ ፓምፕ ያረጀው በአንድ ቀን አልነበረም። ዳይኖ ላይ ሴንሰሩን ማርሚታው ጫፍ ላይ ሰክተው የሚለኩ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ካታሊቲኩን አልፎ መምጣቱን አስታውሷቸው።

ሴንሰሩ የት ይግባ?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ ለማንበብ ጊዜ ካላችሁ ይህን አንብቡ። የ200 ዶላር ጌጅ የተሳሳተ ቦታ ከታሰረ የ30 ዶላሩ ይሻላል።

ከቱርቦው በፊት፣ ማኒፎልዱ (የሲሊንደሮቹ ጭስ የሚሰበሰብበት ቱቦ) ላይ፣ አይሆንም። ሁለት ምክንያት አለው። እዚያ ያለው ጭስ በሙሉ ጭነት ከሚገባው በላይ ይግላል፤ ኤልኤስዩ 4.9 በዘላቂነት የሚችለው የጭስ ሙቀት 930 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ተንኮለኛ ነው። ቱርቦው ከፊቱ ግፊት ያከማቻል፤ ዋይድባንድ ደግሞ ግፊት ሲበዛበት ንባቡን ያጋንናል፤ ነዳጅ የበዛበትን ይበልጥ የበዛ አድርጎ ያሳያል። እውነቱ 11.8 ሆኖ ጌጁ 11.1 ይላችኋል። ኮምፒውተር የሚያስተካክለው ሰው አምኖት ነዳጅ ይቀንሳል። ከዚያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ከቱርቦው በኋላ፣ ከካታሊቲኩ በፊት፤ ከቱርቦው ግማሽ ሜትር ራቅ ቢል ጥሩ ነው። ቦታው ከጠበበ ርቀቱን ቀንሱ እንጂ ከካታሊቲኩ በኋላ አትሂዱ፤ እዚያ ንባቡ ይዘገያል፣ ይደነዝዛል። ካታሊቲኩን አንስተን ቦታ እናገኛለን የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑን አስታውሱት። እዚህ በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለብን፤ የኔ መኪና ሁለቴ ያለፈችው ካታሊቲኳ ስላለ ነው።

አሁን ወደ ብየዳው። ያ የመጀመሪያው ትርፍ ቀዳዳ ለቱርቦው በጣም ቅርብ ስለነበር ሌላ ቀዳዳ ወደ ታች ማስበየድ ነበረብኝ። አንድ ማርሚታ የሚሠራ ጋራዥ ወሰድኩት። አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ስረከብ ከሥር ገብቼ አላየሁም። ክረምቱ ገባ፣ ጥር ላይ አንድ ጠዋት ጌጁ የስሕተት ምልክት አወጣ። መኪናዋን አንስቼ ሳይ ሴንሰሩ ከቱቦው ሆድ ሥር፣ ቁልቁል ተሰቅሏል። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቱቦ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ውሃው እንደ ጽዋ ሴንሰሩ ውስጥ ይወርዳል። ሴንሰሩ ደግሞ ሲሠራ ውስጡ ወደ 780 ዲግሪ የሚግል ሸክላ ነው። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ማለት ነው። 80 ዶላሬ በአንድ ጠዋት ሄደ።

ሁለተኛውን የበየዱልኝ ያገሬ ሰው፣ ስልሳ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። የትኛው በኩል እንደምፈልግ ሳልነግራቸው ቱቦውን ገለበጡት። «ሰዓት አስብ» አሉኝ። «ከሦስት ሰዓትና ከዘጠኝ ሰዓት መስመር በላይ፤ አሥር ሰዓት ላይ ወይም ሁለት ሰዓት ላይ። በታች ካልከኝ ሌላ ሰው ፈልግ።»

«የፈረንጅ ሰዓት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ጭሱ የማንን ሰዓት ያውቃል!» ብለው ሳቁ። ሰዓቱ የፈረንጅም ሆነ የኛ፣ ክቡ አንድ ነው፤ ከአግድሙ ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ይበል ነው ነገሩ።

የቀዳዳው ክር ኤም 18 በ1.5 ነው፤ ሴንሰሩን የሚፈታው 22 ቁልፍ ነው። ስትበይዱ ሴንሰሩ ውስጡ አይሁን፤ ክሩ እንዳይጣመም ግን አሮጌ ሴንሰር ወይም ብሎን ይግባበት። አካባቢው ላይ ተራ ሲሊኮን አትቀቡ፤ የሲሊኮን ትነት ሴንሰሩን ይገድላል፣ እርሳስ ያለበት የእሽቅድድም ነዳጅም እንደዚሁ።

ሽቦው

ጌጁ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ መስመር ይሁን፤ በፊውዝ። ቀጥታ ከባትሪ ካሰራችሁት ሌሊቱን ሙሉ ሲግል ያድርና ባትሪውን ያወርደዋል። ከዚህ በተቃራኒው ደግሞ ጌጁን ነቅላችሁ ሴንሰሩን ቱቦው ውስጥ ትታችሁ አትንዱ፤ ያልጋለ ሴንሰር ጥላሸት ይጠጣና ያበቃለታል። ጌጁን ለጥገና ካወጣችሁ ሴንሰሩን አውጥታችሁ በብሎን ድፈኑት።

ቮልቱን ወደ ኮምፒውተር የምትወስዱ ከሆነ የጌጁን ኔጋቲቭ የኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ ከታሰረበት ቦታ ጋር እሰሩት። ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ብታስሩት በመካከላቸው 0.1 ቮልት ልዩነት ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ በኤኢኤሙ ሒሳብ ያ ልዩነት 0.24 ነው። ጌጁ 11.6 ሲል ኮምፒውተሩ 11.8 ይመዘግባል፣ እናንተ ደግሞ ማንን ማመን እንዳለባችሁ ስታስቡ ሳምንት ያልፋል። እኔ አልፎብኛል።

ጌጁ የት ይቀመጥ ለሚለው ብዙ ሰው የፊት መስታወቱን የሚይዘውን ምሶሶ ይመርጣል። ምሶሶው ውስጥ ኤርባግ ካለ እዚያ ምንም አትለጥፉ። የኔ መሪው ዘንግ ላይ ነው።

11.5 ማለት ምን ማለት ነው?

ጌጁ አየርና ነዳጅን አይመዝንም። የሚያየው ጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ወይም የጎደለውን ነው፤ ከዚያ ላምዳ የሚባለውን ያሰላል። ላምዳ 1 ማለት አየሩና ነዳጁ ልክ በልክ ነው፤ 0.8 ማለት አየሩ ከሚፈለገው 80 በመቶ ብቻ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የምታዩት 11.76 ላምዳ 0.8ን ጌጁ በ14.7 አባዝቶ የጻፈው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከማደያ የምንቀዳው አብዛኛው ቤንዚን 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ የዚህ ነዳጅ ልክ 14.7 ሳይሆን 14.1 ገደማ ነው። 85 በመቶ ኤታኖል ያለው ደግሞ 9.8 ገደማ ነው። ጌጁ ግን ምን እንደቀዳችሁ አያውቅም፤ ሁሉንም በ14.7 ያባዛል። ለዚህ ነው ስልኬ ላይ የማየውን ወደ ላምዳ የቀየርኩት። በሙሉ ጭነት 0.78 ከሆነ ነዳጁ ምንም ይሁን ትርጉሙ አንድ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን አሁንም «አሥራ አንድ ከግማሽ» ነው የምለው፤ ልማድ ነው። ወይ ይህን ወይ ያንን ተጠቀሙ፤ ሁለቱን ቀላቅላችሁ ከሰው ጋር አትነጋገሩ።

ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ስትወርዱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ የሚጫነው ወደ 0.76 ባር ነው። የቱርቦውን ግፊት በስፕሪንግና በዌስትጌት (ትርፉን ጭስ ከቱርቦው አሳልፎ ግፊቱን በሚገድበው በር) ብቻ የሚቆጣጠር መኪና ይዛችሁ 0.8 ባር ቢገፋ ሞተሩ የሚያገኘው በጠቅላላው 1.56 ባር ነው። አዋሽ ሰባት 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርሱ አየሩ ራሱ 0.9 ባር አካባቢ ነው፤ ዌስትጌቱ አሁንም በላዩ 0.8 ይጨምራል፤ 1.7 ይሆናል። ሙቀቱን ትተን በግፊቱ ብቻ ብናስብ አየሩ 9 በመቶ ጨምሯል፤ የግፊት ጌጁ ግን ያው 0.8 ነው የሚለው። ባሕር ጠለል ድረስ ብትወርዱ 16 በመቶ ይሆናል።

አዲስ አበባ ላይ ኢንጀክተሩ አቅሙ ጫፍ ደርሶ 11.8 የሚያሳይ መኪና ቆላ ስትወርዱ ነዳጁ ያልቅበታል፤ ጌጁ ወደ 13 ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ ተስተካክሎ «አለቀ» የተባለ መኪና ላይ እኔ ብሆን ሦስተኛ ማርሽ ርግጫውን አዋሽ ሜዳ ላይ እደግመዋለሁ። ሌላ ጌጅ ይህን አያሳይም።

የመጀመሪያው ቀን

ጌጁ ታስሯል፣ ቁልፍ ዞሯል። ሴንሰሩ እስኪግል ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ስራ ፈትቶ 14.7 አካባቢ ሲወዛወዝ ደህና ነው።

ከዚያ ትነዳላችሁ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ታነሳላችሁ፣ ቁጥሩ ተስፈንጥሮ 18 ላይ ይደርቃል ወይም ሰረዝ ብቻ ያሳያል። ሞተሩ ሊሞት ነው ብላችሁ ዳር እንዳትይዙ። ቁልቁለት ስትወርዱ ወይም ማርሽ ላይ ሆናችሁ እግር ስታነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ንጹሕ አየር ነው። የአጎቴ ልጅ በመጨረሻ በስልኩ ማንበብ ሲጀምር በሁለተኛው ቀን በዚህ ምክንያት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደውሎልኛል፤ የኔ ሰዓት ሳይሆን የሱ።

ስራ ፈትቶ ሳለ 16 እና 17 የሚል ከሆነ ከነዳጁ በፊት ቱቦውን ጠርጥሩ። ከሴንሰሩ በፊት ያለ ትንሽ ክፍተት፣ በተለይ የቱርቦው ጓርኒሲዮን፣ በየምቱ አየር ይስባል፤ ጌጁም ያንን አየር ቆጥሮ ያሳያችኋል። ካንዴላ ሲያመልጥም እንደዚሁ ነው። ያልተቃጠለው ነዳጅ አብሮ ቢወጣም ሴንሰሩ የሚያየው የተረፈውን ኦክስጅን ስለሆነ «ነዳጅ አነሰ» ይላል። ነዳጅ ጨምሮ ሊያስተካክል የሞከረ ሰው ካንዴላውን ጭራሽ ያርሰዋል።

በሙሉ ርግጫ ጊዜ ጌጁን አትዩ። ዓይናችሁ መንገድ ላይ ይሁን፤ ቁጥሩን ከዙሩና ከግፊቱ ጋር ስልኩ ይመዝግበው፣ ቆማችሁ እዩት። መመዝገብ ካልቻላችሁ አጠገባችሁ ሰው አስቀምጡ፤ «ልቀቅ» የሚላችሁ።